ውሻው አይሳፈርም ተባለ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ውሻው አይሳፈርም ተባለ። ያለው ሻምበል ነው። ታላቅ ወንድሜን ደምሴን በማዕረጉ የምጠራው ሲያናድደኝ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ሻምበል ነው። ከሠራዊቱ በጡረታ ከተሰናበተ ቆየ፤ ትእዛዝ ከመስጠት ግን አልተሰናበተም።

ግቢያችን ውስጥ የቆመው አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የእሱ ሥራ ነው። ወንበሮቹን አስነቅሎ አልጋዎች፣ ቡታጋዝ ማስቀመጫ፣ የውሃ በርሜል፣ ከኋላ መጋረጃ ያለው መታጠቢያ አስገባበት። አልክደውም፣ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። ጉዞው ለእማዬ ነው። አምና ጥር የጅጅጋ ብርድ ሳንባዋን ይዟት ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰክቶላት ሰነበተች። ሐኪሟ ዘንድሮ ጥርን እዚህ እንዳታሳልፍ፣ ወደ ቆላ ውሰዷት አለ። አውሮፕላን ለእሷ አይሆንም፤ በሕዝብ አውቶቡስ ተቀምጣ መዋል አትችልም። ስለዚህ እየተኛች ትሄዳለች። በቀን ብቻ እየነዳን፣ በየከተማው እያደርን፣ አርባ ምንጭ ታናሽ እህታችን ሰናይት ግቢ መኪናችንን አቁመን ብርዱ እስኪያልፍ እንከርማለን። እማዬ ለጥምቀት መድረስ ትፈልጋለች።

ተሳፋሪዎቹ እማዬ፣ ሻምበል፣ እኔ፣ ልጄ ማህሌት፣ ሾፌራችን ጉሌድና የማህሌት ድመት ሹሮ ናቸው። ድመቷ ያለ ክርክር አለፈች።

ታዘብኩ የሚባለው የእማዬ ውሻ ግን ወደቀ። ምክንያቱ ጉሌድ ነው ይላል ሻምበል። ጉሌድ ሙስሊም ነው፤ ከውሻ ጋር በአንድ መኪና አይነዳም። ይህን የሚያህል መኪና የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ ያለው ደግሞ ከመሀላችን እሱ ብቻ ነው። «ይህ ፍጡር ይቀራል፤ ውይይት የለም» አለ። ውሻውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና ሰማች። «እንግዲያው መልካም መንገድ» አለችን። ያለ ውሻዋ አትሄድም ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 1

ነፋሱ ከካራማራ በኩል ሲመጣ ሁለት ጋቢ እንደ ወረቀት ያልፋል። እማዬ ቁርሷን ሳትጨርስ ሳሏ ተነሣባት። ሻምበልም እኔም ተያየን። ሁለታችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው፤ ግን አንዳችን ለሌላው ማመን አልፈለግንም።

ውሻውን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ እንስጠው አለ። አርጅቷል፣ ከባዕድ እጅ አይበላም አልኩት። አምና እማዬ ሆስፒታል ስትተኛ በሩ ሥር ተጋድሞ አጥንቱ እስኪቆጠር ነው የጠበቃት።

«እኛ የምናሳክመው ሰው ነው ወይስ ውሻ?»

«ሰውዋ ያለ ውሻዋ አትነቃነቅም። ሐኪምህ ለዚህ መድኃኒት ካለው ጠይቀው» አልኩት።

በሩን በርግዶ ወጣ። ቀጥሎ በአውቶቡሱ በር ላይ የጭነት ዝርዝር ለጠፈ። የመጨረሻው መስመር «እንስሳ፦ ድመት፣ አንድ» ይላል። ማንም ሳያየኝ በእስክሪብቶ ሁለት የፊደል ግድፈት አረምኩለት። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው፤ የዜና አራሚ ነበርኩ። ውሳኔውን የሚያርም እስክሪብቶ የለኝም።

ማህሌት ራት ላይ ሁለታችንም እንዳስጠላናት ነገረችን፤ ድመቷን አንሥታ ሄዳ አውቶቡሱ ውስጥ ተኛች።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ዘዴ አገኘሁ፤ ሌላ ሾፌር።

መናኸሪያ ወረድኩ። ብርድ ልብስ ልገዛ ነው ብዬ ነው የወጣሁት፤ ገዝቻለሁም፤ ከቶጎ ውጫሌ የመጣ ወፍራም ቡናማ። በቀብሪበያ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ አንድ የሐረር ሰው አነጋገርኩ። ክርስቲያን ነው፤ ቤቱ ሁለት ውሻ አለው። አስቤ እነግርሻለሁ አለኝ።

ለጉሌድ አልነገርኩትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎረቤታችን ነው፤ እማዬን «ሆዮ» ነው የሚላት፣ እናቴ ማለቱ ነው። ሃይማኖቱን እየጠቀስኩ «ውሻ ትችላለህ ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። በጨዋ ደንብ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ሌላ ሰው መተካት ይሻላል አልኩ።

እማዬ ዛሬ ከውሻዋ ጋር ፀሐይ ሞቀች። «ታዘብኩ፣ ና። ታዘብኩ፣ ተኛ።» ሻምበል በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፅዋ ከፍ የሚል ይመስለኛል። ወይ እኔ ነኝ ነገር የምፈልገው።

ዓርብ፣ ጥር 3

ጅጅጋ ትንሽ ከተማ መሆኗን የረሳሁት እኔ ነኝ።

ጉሌድ ከጁምዓ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ግቢያችን ገባ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። ሻይ ቢቀርብለትም አልነካም። ሌላ ጊዜ «ኤዶ» ነው የሚለኝ፣ አክስቴ እንደማለት። ዛሬ «ወይዘሮ» አለኝ። ደግሞ በእርስዎ።

«ወይዘሮ፣ ሾፌር ሲፈልጉ ነበር አሉ። ያ ሰውዬ ያጎቴን ልጅ ምክር ጠየቀው፤ መኪናው እንዴት ነው እያለ። ምን አጠፋሁ?»

ሌላ መውጫ አልነበረኝም፤ ነገርኩት። ከውሻ ጋር እንደማይነዳ ስለሰማን፣ እሱን ላለማስቸገር ብለን ነው አልኩ።

ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? መቼ? ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቀውም። የውሻው ነገር ክርክር መሆኑን እንኳ የሰማው ከእኔ አፍ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ወጣት ሪፖርተሮችን «ራሱን ሰውየውን ጠይቀኸዋል?» እያልኩ ስንት ዜና የመለስኩ ሴት ነኝ።

እየተቆጣ አስረዳኝ። ደረቅ ውሻ ደረቅ ሰው ቢነካ ምንም የለበትም። ችግሩ እርጥቡ ነው፤ ምራቁ፣ የራሰ ፀጉሩ። እርጥቡ ከነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። አያቱ በገጠር ከብት የሚጠብቅ ውሻ ነበራቸው፤ ሰዉም ከብቱም ውሻውም በሰላም ኖረዋል። እሱ የሚፈልገው ይህ ነው፦ ውሻው ከኋላ የራሱ በር ያለው ሳጥን ይሠራለት፤ ወደ ፊት አይምጣ፤ የጉሌድ መስገጃና የውሃ ጆግ ከፊት፣ ማንም ሳይነካው ይቀመጥ። ንጹሕ አፈር ደግሞ በጆንያ ራሱ ይዞ ይመጣል። አዋሳ አስፋልት መሀል አፈር ፍለጋ መዞር አይፈልግም።

«ሃይማኖቴን ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። «የምነዳው ለሆዮ ነው። ለእናንተ አይደለም።»

ለሐረሩ ሰውዬ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ደስ አላለውም። ዛሬ ያላስቀየምኩት ድመቷን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ሻምበል አውቶቡሱ ሥር ተኝቶ የውሃውን ቱቦ ያጠብቅ ነበር። የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። ከጫማው ጋር ተጣላሁ።

ጉሌድ ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኩት። በእጁ ያለው መፍቻ መዞር አቆመ። ለምን በሰው ስም ዋሸህ አልኩት። እናትህ እንድትሞት ነው የምትፈልገው አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ብያለሁ።

ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ከሥር መጣ።

«አንቺ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከነጋ እስኪመሽ፣ ‹ታዘብኩ፣ ታዘብኩ› እየተባልሽ ሁለት ወር ትሰነብቻለሽ?»

ስሙ ነው ለካ።

ስሙ እንዴት እንደወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአባታችን አርባ ሲወጣ ደምሴ አልመጣም። በሬዲዮ ፈቃድ የለም የሚል መልእክት ላከ። እማዬ አላመነችም፤ የሌላው ሰው ልጅ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ አይታለች። ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ ጎረቤት ቡችላ ሰጣት፤ ታዘብኩ አለችው። የእኛ እናቶች ለሰው የማይነግሩትን ለውሻቸው ስም አድርገው ያወጡታል፤ የሚመለከተው ይሰማል። ደምሴ ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ ውሻው አድጎ በር ላይ ተቀበለው።

እኔ ግን ቀልድ አድርጌ ትቼው ነበር። ከጊዜ ብዛት ስሙ ስም ብቻ ሆኗል ብዬ ነበር።

«ግንባር ላይ ነበርኩ» አለ ከመኪናው ሥር። «ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተከለከልኩ። አባቴን በልቤ የቀበርኩት ምሽግ ውስጥ ብቻዬን ነው። አንድ ሰው ምን ሆነህ ነው ብሎኛል? ማን ጠየቀኝ?»

ትናንትም ይህንኑ ቃል ሰምቻለሁ፤ ከሌላ ሰው።

ይቅርታ ልለው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቢሆንም በሰው ስም አይዋሽም አልኩና ሄድኩ። ከኋላዬ መፍቻው መዞር ጀመረ።

እሑድ፣ ጥር 5

ለእማዬ ነገርኳት። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም።

«ያኔ ለምን አልተናገረም?»

«አልጠየቅሽውም እኮ እማዬ።»

«እናት የልጇ መርማሪ ናት?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ስሙ ምን እናድርግ ስላት፣ «ሲያረጅ የውሻ ስም አይቀየርም፤ መንገድ ይጠፋዋል» አለች። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሳሏ ስለመጣ ዝንጅብል አፈላሁላት። ልቤ ሁለቱንም ተቀየመ፤ አንዱን ስላልተናገረ፣ አንዷን ስላልጠየቀች። ራሴንም ጨምሮ።

አናጢው ሳጥኑን አስረከበ። በሩ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ አሮጌ ፍራሽ አለው። ከሳጥኑ አጠገብ ያለችው መቀመጫ ማንም የማይፈልጋት ነች። ሻምበል «እኔ እቀመጥባታለሁ» አለ፤ ማንንም ሳያይ።

ከሰዓት ጉሌድ ጆንያውን በጋሪ አመጣ። ከከተማ ውጭ ከሜዳ ያፈሰው ቀይ አፈር ነው፤ በወንፊት ነፍቶታል። ጋሪው ላይ እንዳለ ሻምበልን ጠራው።

«ሻምበል፣ በእኔ አፍ የተናገርከው ሌላ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። መንገድ ላይ እንዳልሰማው።»

ሻምበል «የለም» አለ። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን በትከሻው ተሸከመው፤ ያን የሚያህል ጆንያ በዚያ ወገቡ። ጉሌድ ሊያግዘው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ከዚያ ተወው። እስከ መጨረሻው እንዲሸከመው ተወው።

ከበሩ ላይ ያለው ዝርዝር ግን አልተነካም። «ድመት፣ አንድ» እንዳለ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 6

የምጽፈው ከመኪናው ውስጥ ነው፤ ፊደሌ ይዘላል።

ጠዋት ሁሉም ገባ። እማዬ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ ከሥሯ ሁለት ፍራሽ፣ ከላይዋ ቡናማው ብርድ ልብስ። ሹሮ ገና ሞተር ሳይነሣ የሻምበል ቦርሳ ላይ አስመለሰች፤ ማህሌት ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልቻለችም።

ውሻው ግን አልገባም። በሩ ሥር ተቀምጦ አስተዋለን። ማህሌት ሥጋ አሳየችው። እኔ አንገቱን ጎተትኩ። ጉሌድ ሞተሩን አስነሥቶ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ጠበቀ። እማዬ በመስኮቱ «ና» አለችው። «ና እንጂ። ና ልጄ።» ስሙን አልጠራችም። ጠበቅሁ፤ አልጠራችም። እንስሳው አይኑን ወደ እሷ አድርጎ አልተነሣም፤ ያለ ስሙ መጠራት አልለመደም። ነፋሱ በክፍቱ በር ይገባል፤ እማዬ ማሳል ጀመረች።

ሻምበል ከመቀመጫው ተነሣ። ወርዶ ውሻው ፊት ቆመ። ፊቱ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወታደር ነበር።

«ታዘብኩ» አለ። «ታዘብኩ፣ ግባ።»

ውሻው ተነሥቶ ገባ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ዙር ዞሮ ተኛ። ሻምበል የሽቦውን በር ዘግቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እማዬ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ ውጭ ያለው የገዛ አጥራችን ብቻ ነው።

ካራማራን እንዳለፍን ኬላ ላይ አስቆሙን። ጎልማሳው ፈታሽ አልጋ ሥር አየ፣ በርሜሉን አንኳኳ፣ ከዚያ ጆንያው ላይ ደረሰ። ምንድን ነው አለ። አፈር ነው አልን። በብረት ዘንግ ወጋው፤ አፈር ነው። እንደገና ወጋው።

«አፈር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት? አገር ልትለቁ ነው እንዴ?»

ጉሌድ በሶማሊኛ አስረዳው። ሰውዬው ጆንያውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ውሻውን አየ፣ ጉሌድን አየ። ከዚያ የጆንያውን አፍ በገዛ እጁ አጥብቆ አሰረውና እለፉ አለ። ጉሌድ ማርሽ ሲያስገባ «አየሽ ኤዶ፣ እሱ እንኳን ጠየቀ» አለኝ። ኤዶ አለኝ። ገና ግን አልሳቀም።

ባቢሌን አልፈናል። ሐረር ልንገባ ነው። አየሩ ቀለል አለ፤ ወይ ለእኔ ነው። እማዬ እንደተኛች ነበር የመሰለኝ።

«ውሻው በርዶት ይሆን?» አለች፤ ዞር ሳትል።

ውሻው አለች። ስም ካወጣችለት ወዲህ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ለማን እንደተናገረችም አልገለጸችም። ማህሌት አየችኝ።

ሻምበል፣ ማለት ደምሴ፣ ኮቱን አውልቆ በሽቦው ላይ ከነፋሱ በኩል አንጠለጠለው።

«ተኝቷል» አላት።

ከጅጅጋ ወዲህ የተነጋገሩት ይህችን ብቻ ነው። አርባ ምንጭ ገና ሩቅ ነው።