የፈረስ ማሰሪያችን ሳይነሳ ቀረ

ይድረስ ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት እናቴ ለወይዘሮ ሙሉነሽ፤ ካሉበት ጅግጅጋ።

እማዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ሙቀቱ ተስማማው ወይስ አሁንም ሲነሱ ያስቃስትዎታል? ሰርክአዲስስ ከአራስነቷ በደንብ ጠነከረች? ሕፃኗስ እንቅልፍ ትሰጣችኋለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ኔትወርኩ ሁለት ቃል ሳንነጋገር ስለሚቋረጥና ወሬውም ረጅም ስለሆነ፣ ወደዚያ ለሚመጣ ሾፌር ደብዳቤ መስጠቱን መረጥኩ። አንቺ ሰርክአዲስ፣ ስታነቢላቸው ከራስሽ እየጨመርሽ እንዳታስደነግጫቸው፤ የጻፍኩትን ብቻ አንብቢ።

እማዬ፣ ከሁሉ በፊት ልቤን ያሳረፈውን ልንገርዎት። ቤታችን አይፈርስም፤ ግቢያችንም የመኪና ማቆሚያ አይሆንም። ደግመው ያስነብቡት። በስልክ «ፈርሶ ከማየው እዚሁ ብቀር ይሻለኛል» ብለው ካለቀሱ ወዲህ ለእኔም እህል በወጉ አልወረደልኝም ነበር። የልጅቷ ክርስትና አልፎ እንኳ መመለሱን ሳያነሱ ሲቀሩ፣ ቤቱ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ያመለጡን መስሎኝ ነበር። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ ይኸው የእኛ ፍርሃት በደጅ አልፎ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራ ከጎኑ የንግድ ሰፈር ይቆማል ተብሎ፣ እርስዎ ሳይሄዱ ባለሙያዎቹ ቦታውን ሊያዩ የመጡ ዕለት ሰፈራችንን እንዴት እንዳጠራነው ያስታውሳሉ። አያ ይኸነው እንደ ሰፈር ሽማግሌነታቸው «እንግዳ በፋንድያ ላይ አይቀበሉትም» ብለው አገሩን አስነሱት። ፈረሶቹ ወንዝ ማዶ ተነዱ፣ ጋሪዎቹ ወደ ላይኛው ሰፈር ተባረሩ፣ የጉልት ቸርቻሪዎቹም ለዚያ ቀን ከቤታቸው ዋሉ። ከግቢያችን የፈረስ ማሰሪያውን እንጨት አስነቅለው ከጓሮ ያስደረደሩት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እርስዎ ነዎት! አልፈርድብዎትም፤ እኔም መጥረጊያ ይዤ ፊት ፊት ስል ነበር። እንግዶቹ ያዩት የተጠረገ ሜዳ ነው፤ የነደፉትም ለተጠረገ ሜዳ ነው። በፕላኑ ላይ ሆቴል አለ፣ ቢሮ አለ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ከየገጠሩ በፈረስ መጥቶ ከእኛ ግቢ አስሮ ገበያ የሚወጣው ሰው ግን የለም። እኛም ወደ ሌላ ቦታ ተነሺዎች ሆነን አረፍነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው። ፕላኑ በስብሰባ ሲታይም፣ በአውሮፕላን ወሬ መሃል የፈረስ ነገር ማንሳት አሳፈረንና ሁላችንም ዝም አልን።

ባለፈው ወር ከባለሙያዎቹ አንዷ፣ ሶስና የምትባል የሕንፃ ንድፍ አዋቂ፣ ፕላኑ ሳይጸድቅ ቦታውን ዳግም ልየው ብላ ብቻዋን መጣች። ዓይኗ ስል ነው። የደጃችን መሬት ሣር የማያበቅል፣ ተረግጦ የጠነከረ መሆኑን አይታ በዚህ በኩል ማን እንደሚመላለስ አያ ይኸነውን ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሆዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ማንም የለ» አሏት! ደሜ ፈላ። ዛሬም ይደብቃሉ ወይ ብዬ ከመሃል ገባሁና፣ ፈረሱንም ጋሪውንም ጉልቱንም ለእነሱ ክብር ብለን እንደሸሸግን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ተቆጣች። «እናክብርሽ ብላችሁ ሰፈራችሁን በእጄ ልታስፈርሱኝ ነበር» አለች። አያ ይኸነው አቀረቀሩ፤ እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

የገበያ ዕለት ተመልሳ መጣች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ከፈረሱ ብዛት መግቢያ አጥቶ በእግሯ ደረሰች። ቀኑን ሙሉ ከአጥራችን ሥር ተቀምጣ ድንች የጫነውን፣ ማር የያዘውን፣ የቀርቀሃ ወንበር የተሸከመውን ስትጠይቅና ስትጽፍ ዋለች። በአውንጊ ሲመልሱላት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ የእኔ አውንጊ ስለሚደናቀፍ እርስዎ ቢኖሩ ይሻል ነበር። ስትሄድ ያለችኝን አልረሳውም። አውሮፕላን በቀን አንዴ ሁለቴ ቢያርፍ ነው፤ ከእሱ ለሚወርድ መንገደኛ ብቻ የተሠራ ሰፈር ቶሎ ይሞታል፤ አገሬው የሚኖርበት፣ የሚገበይበትና የሚያመሽበት ሲሆን ግን መንገደኛውም ይወደዋል አለችኝ።

አዲሱ ፕላን በዚህ ሳምንት በስብሰባ ታየና ጸደቀ። እንደ ገባኝ ልንገርዎት። ከገበያው ወደ ማረፊያው የሚወስደው መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ይሆናል። አውሮፕላኑ በሚነሳበት አቅጣጫ ጩኸቱ ስለሚያውክ ሰው አይሰፍርበትም፤ የድንቹና የማሩ መጋዘን ነው የሚሠራበት። ጎረቤቶቻችን እንዳሉ ይቀራሉ፤ እድራችንም አይበተንም። ግቢያችን የፈረስና የጋሪ ማቆሚያ ተብሎ በእርስዎ ስም ጸንቷል። ከፊት ያለው ጌሾዎ ግን ለመንገዱ ይነሳል፤ በዚህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ቤቱ ይቁም እንጂ ጌሾ ይተከላል፣ እማዬ። ስብሰባው ሲያበቃ አያ ይኸነው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ በጠራራ ፀሐይ እስክጠግብ ተኛሁ።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን ለየሰዉ ያድርሱልኝ። እህቴን ሰርክአዲስን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ። ሀብቱን፣ አማቱን ይህን ያህል ስላስተናገደ ምስጋናዬ ብዙ ነው ይበሉልኝ፤ አሁን ግን ይበቃዋል። የሕፃኗን ሁለት ጉንጮች ይሳሙልኝ። ከዚህ ባለቤቴ ምንይችል እጅ ይነሳል። ጎረቤታችን ስሜነሽ በሄደች በመጣች ቁጥር ስምዎን ታነሳለች። አያ ይኸነው፣ ስብሰባ ላይ የሚከራከራቸው ሰው አጥተው ሰልችቷቸዋል።

እማዬ፣ ፕላኑ ላይ ቤታችን አለ፤ ቤታችን ውስጥ ግን እርስዎ የሉም። ይምጡልን።

ልጅዎ ዋጋዬ
ዳንግላ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.