ለሁለት ሰው የማትበቃው ዕቃ ቤት

ለተከበረው የመኖሪያ ቤቶች ስፋት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ባለበት

ክቡራን ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን የከበረ ጤንነት፣ የኃላፊውን የደም ግፊት መርጋት፣ እንዲሁም መስኮት ሦስት ላይ የሚቀመጡት እመቤት የወገብ ሕመም መሻሉን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ ተኩስ ነው፤ አትደንግጡ፣ የልብስ ተኩስ ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ ዝቅ ብሎ ባለው ልብስ ንጽሕና ቤት ስለምሠራ፣ ምናልባት ይህን ስታነቡ የለበሳችሁት ሸሚዝ ኮሌታ በእኔ እጅ ያለፈ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ጎረቤቶቼ እንዴት አልተናደድክም እያሉ ይገረሙብኛል። ነገሩ ሰው ተኝቶበት እንደ ደነዘዘ እጅ ነው፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ሲቆነጥጡት ግን አይሰማም። ስለዚህ ምስጋናዬን ያለ ንዴት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መኖራችንን ስላወቃችሁልን አመሰግናለሁ። እኔና እታለም እያልኩ የምጠራት ታላቅ እህቴ፣ ኪራይ አልቀመስ ብሎን ከነበርንበት ክፍል ወጥተን አንድ ጡረተኛ ጓሮ ካለች የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። አከራያችን ጋሼ ኪራይ ሲቀበሉ «ቤቷ» ይሏታል፤ ጣራዋ ሲያፈስ ግን «ዕቃ ቤት እኮ ናት፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላሉ። ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው መሐሏ ላይ ብቻ ስለሆነ ሱሪ የሚለበሰውም እዚያው ነው። ሌሊት የተነፈስነው ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ አድሮ ንጋት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይመለስልናል፤ የወሰደውን የሚመልስ ቤት ስንቱ አለው? መብራት ከትልቁ ቤት በሽቦ ይመጣልናል፤ የጋሼ ባለቤት ካውያ በሰኩ ቁጥር አምፖላችን ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስተኩስ ውዬ፣ የራሴን ሸሚዝ ከፍራሽ ሥር አንጥፌ ተኝቼበት አስተካክለዋለሁ።

አልጋችን አንድ ነበር። እታለም ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች፣ ጠዋት እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ ማታ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። የእሷ የዕረፍት ሌሊት ሲሆን እኔ ልብስ ንጽሕና ቤት ካልተተኮሰው ክምር ላይ አድራለሁ። የምንገናኘው በር ላይ ነው። «አልጋው በርዷል?» ትለኛለች፤ «ገና ነው፣ ቶሎ ግቢበት» እላታለሁ። ወሬያችን በአብዛኛው ይኸው ነበር። እንዲህ እየተቀባበልን፣ ለየራሳችን አልጋ የሚዘረጋበት ሁለት ክፍል ቤት ለመከራየት እናጠራቅም ነበር። እታለም መስኮት እንዲኖረው ትፈልግ ነበር፤ ወዴትም ቢያይ ግድ የላትም።

ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ሰው የሚያድርበት አንድ መጋዘን ተቃጥሎ ሰው በመጎዳቱ ቤት ለቤት ለመዞር መነሣታችሁን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነው። ሰፈርተኛው ባለ ሜትሩ ብሎ የሰየማቸው ወጣት ባለሙያችሁ የመጡት በጠዋት ነበር። እታለም ከሥራ ገብታ ገና ጋደም ማለቷ ነው፤ እኔ ደግሞ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እሷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ጓሮው ላይ ስትቆም፣ ባለ ሜትሩ የተላጠውን ሽቦ በጥንቃቄ ተሻግረው ግድግዳውን ለኩ። ስለ ሽቦው ምንም አላሉም፤ ክፍላቸው ስፋት እንጂ መብራት አይደለምና። እታለም «ጨረሱ? ልተኛ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

«ለሁለት ሰው አትበቃም፤ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ። እኔም ሁለት ሆነን አድረንባት እንደማናውቅ በትሕትና አስረዳኋቸው።

«ወንድሜ፣ ደንቡ መቼ እንደምትተኙ አይጠይቅም። ስንት ናችሁ ነው የሚለው» አሉኝ።

አልዋሹም፤ ደንባችሁን አስፈልጌ አንብቤዋለሁ፣ ስለ እንቅልፍ ምንም አይልም። ይህን ያህል ጊዜ በር ላይ ስንተላለፍ የኖርነውን እህትና ወንድም፣ በወረቀትም ቢሆን አብረን እንድንኖር ያደረገን የእናንተ ጽሕፈት ቤት ብቻ ስለሆነ ውለታችሁ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ከሁለት አንዳችን እንድንለቅ ስታዙ ማን ይልቀቅ የሚለውን ለእኛ ነፃ ፈቃድ መተዋችሁን አደንቃለሁ። እኔ እወጣለሁ አልኳት። «አንተን ወንዱን ማን ቤቱ ያስገባሃል? እኔን ግን ለሥራ ይፈልጉኛል» አለችኝና ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። አልተከራከርኳትም። ልከራከር ይገባኝ ነበር መሰለኝ፤ ግን ልክ ስለነበረች የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ ይዤ አብሬያት አጠፍኩ። የሆስፒታሉን ሥራ ትታ፣ አንዲት ባለጸጋ ባልቴት ቤት እዚያው የምታድር ሠራተኛ ሆና ገባች። የምታድረው ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ሥርቻ ውስጥ ነው። እግሯን ለመዘርጋት በሩን መክፈት አለባት።

ይህን እንደሰማሁ ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ መጥቼ መስኮት ሦስት ላይ አመለከትኩ። እመቤቷ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ቤቱ ስንት ክፍል አለው?» አሉኝ። አሥራ አንድ ነው አልኳቸው። «ለሁለት ሴት አሥራ አንድ ክፍል ምን ጎደለው? ደግሞም ትልልቅ ቤት እኛን አይመለከትም» ብለው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ስለዚህ በእናንተ ስሌት እታለም ዛሬ ከዘመዶቻችን ሁሉ ሰፊ ቤት ያላት ሴት ናት። እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛ፣ በራችን ላይ «ለአንድ ሰው መኖሪያ ብቁ» የሚል ወረቀት ስለ ለጠፋችሁልን አመሰግናለሁ። ጋሼ አንብበውት መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት፤ ከዚያ «አሁንማ መንግሥት ያወቃት ቤት ናት» ብለው ኪራዩን ጨመሩ። አልፈርድባቸውም። ቁጠባችን ግን በዚያው ቆመ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ልጽፈው ስል ጠፋኝ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል። በቃ እተኩሳለሁ፣ እገባለሁ፣ እተኛለሁ። ማታ ስገባ አልጋው ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይሞቃል።

ከወሰናችሁልኝ የአንድ ሰው ስፋት በእጅም በእግርም ሳልወጣ፣ ሜትራችሁ እንዲረዝም፣ ወንበራችሁ እንዲደላ፣ የምትመለከቷቸው ቤቶችም እንደ እስከዛሬው ትንንሽ እንዲሆኑላችሁ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ጎንበስ ማለቱን ቤቷ አስተምራኛለች።

ትሑት አክባሪያችሁ፣
ልብስ ተኳሹ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ ለማይመለከተውም ጭምር።

ልጨምር፦ ባለፈው እሑድ እታለም ግማሽ ቀን ተፈቅዶላት ልትጠይቀኝ መጣች። ሻይ ላፈላላት ጓሮ ወጥቼ ስመለስ፣ ከነጫማዋ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እግሯን እስከ መጨረሻው ዘርግታለች። በደንባችሁ መሠረት ውስጥ መኖር ያለበት አንድ ሰው ስለሆነ፣ በሩን ቀስ ብዬ ገጥሜ እኔ ውጭ ቆምኩ። ኋላ ዝናብ መጣ፤ ቢሆንም አልገባሁም። ይህን የማስታውቃችሁ ታመሰግኑኝ ዘንድ አይደለም። በሚመጣው እሑድም ልትመጣ ትችላለች፤ ባለ ሜትሩ በዚያ በኩል ካለፉ ግን የሚፈልጉት ተከራይ ደጅ ቆሟልና፣ እባካችሁ በሩን አያንኳኩ።