ቤቶቻችን እንደ ክፍልፋይ ስለመቃለላቸው

ለቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ አራት ቤት አንድ ቤት ነው ተብሎ የተሰጠው ውሳኔ እንዲታረም፣ እኔም ያስተማርኩትን ትክክለኛ ትምህርት በተማሪዎቼ ፊት እንድክድ እንዳልገደድ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃውን ወጥቼ አሁን ገና መቀመጤ ነውና፣ ትንፋሼ እስኪሰበሰብ የአክብሮት ሰላምታዬ ይቅደም። እኔ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ። የምኖረው ብሎክ አራት፣ ቤት ቁጥር ስምንት ሲሆን በቤቴ በር ላይ ለዓመታት «4/8» የሚል ጽሑፍ ነበር። አሁን የምኖረው የት እንደሆነ የሚያውቀው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። አቤቱታዬም ከዚህ ይጀምራል።

1. ባለፈው ወር ክፍልፋይ ማቃለል አስተማርኩ። ትምህርቱ መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፤ ከቤቴ አላመጣሁትም። ላይኛው ቁጥር ላዕል፣ ታችኛው ታሕት ይባላል። ሁለቱንም ለአንድ ዓይነት ቁጥር እያካፈሉ፣ ሌላ የጋራ አካፋይ እስኪያጡ ድረስ ማሳነስ ነው። ልጆቹን «ላይኛውን ነክታችሁ ታችኛውን ከተዋችሁ አድልዎ ነው፤ እኔ ደግሞ አድልዎ አልወድም» እላቸዋለሁ። ወረቀት ስምንት ቦታ አሳጠፍኳቸውና አራቱን ቦታ አስቀባኋቸው። ሲዘረጉት ግማሹ ወረቀት ቀለም ለብሷል። አራት ስምንተኛ ማለት አንድ ሁለተኛ መሆኑን በዓይናቸው አዩት። ከዚያ ለቤት ሥራ «ከሰፈራችሁ ክፍልፋይ ፈልጋችሁ አቃልላችሁ ኑ» አልኳቸው። እኔ የጠበቅኩት የተቆረሰ ዳቦ ወይም ግማሽ ድረስ የተሞላ ብርጭቆ ነበር።

2. እነሱ ግን ዞረው ዞረው ያገኙት የቤት ቁጥር ሆነ። 3/6 የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ቀብቶ የተረፈውን ቀለም ይዘው ከብሎክ ብሎክ እየተዘዋወሩ የሰዉን በር ሁሉ አቃለሉት። 2/4፣ 3/6 እና የእኔው 4/8 ሁሉም 1/2 ሆኑ። 5/5 የሚኖረው ደላላ በሩ ላይ «1» ተጽፎ ስላገኘ፣ «አንድ ማለት ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ግቢው በሙሉ የእኔ ነው» እያለ ሰው ያስቸግራል። 3/7 የሚኖሩት ደግሞ «እኛ አንቃለልም» ብለው ኮርተውብን ሰላምታ እንኳ ቀንሰዋል። ሥራው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድም ስህተት የለበትም። ደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር።

3. በማግስቱ ቤንዚን ውስጥ የነከርኩትን ጨርቅ ይዤ ቀለሙን ላስለቅቅ ስወጣ የእርስዎ ተቆጣጣሪ ደረሱ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይጣራ» አሉ። የተጣራውም እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት «4/8 ከ1/2 ጋር እኩል ነው ወይ?» ብሎ ጻፈ። እነሱም «ያለ ምንም ጥርጥር እኩል ነው» ብለው በማኅተም መለሱ። በዚህ መነሻ አራቱ ቤቶች፣ ማለትም የእኛ ሦስቱና ከመጀመሪያውም 1/2 የነበረው፣ አንድ ቤት ናቸው ተባለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በሩ ላይ ያለው ሰረዝ ብሎክን ከቤት የሚለይ እንጂ የሚያካፍል አይደለም ብዬ በቃልም በጽሑፍም አስረዳሁ። ተቆጣጣሪው «ቲቸር፣ እኩል ነው ብለው ያስተማሩት እርስዎ፣ አይደለም የሚሉትም እርስዎ፤ አንዱን ይያዙ እንጂ» አሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ቢያለቅሱም አንድ ልጅ አይደሉም።

4. ለአንድ ቤት አንድ ቆጣሪ ነው ተብሎ ከሦስታችን ቤት የውሃ ቆጣሪ ተነቀለ። አሁን ውሃ ያለው ብሎክ አንድ፣ ቤት ቁጥር ሁለት፣ ሁላችንም ጋሼ በምንላቸው ጡረተኛ ሹፌር ዘንድ ብቻ ነው። እሳቸው ድሮም 1/2 ስለነበሩ የሁላችንም አባወራ ሆነው ተመዝግበዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የኖሩ ሰው ናቸውና፣ በውሳኔው የተደሰቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲመሽ በየብሎኩ እየዞሩ «ልጆች፣ ሁላችሁም ገባችሁ?» ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩን አምሽተህ ገባህ ብለው ተቆጥተውት እሱም ምን ያድርግ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በየትኛው ተርታ እንደተመዘገብኩ ብጠይቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ወይ ሚስት ወይ ልጅ፤ ገና አልተወሰነም» አለችኝ። 2/4 የምትኖረው ልብስ ሰፊ ግን ለሳቅ ጊዜ የላትም። መንታ ሕፃናት አሏት፤ የእነሱን ጨርቅ ለማጠብ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትጎትት ትውላለች። ቀለሙን የቀቡት የእኔ ተማሪዎች፣ የተቀጣችው እሷ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

5. ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ውሳኔው ሊሻር የሚችለው በባለሙያ ቃል ብቻ ስለሆነ» ይልና፣ በጠዋት ሰልፍ በተማሪዎች ፊት ቆሜ «አራት ስምንተኛ ከአንድ ሁለተኛ ጋር እኩል አይደለም፤ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው» ብዬ እንዳነብ፣ አንብቤም እንድፈርም ያዛል። እስከ ሰኞ ካላደረግኩት እንደ ትርፍ ነዋሪ ተቆጥሬ ቤቱን እለቃለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የእኛ ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ይለዋል፤ እኔ ግን ክቡርነትዎን አክብሬ አልልም። ጎረቤቶቼም ለምነውኛል። ልብስ ሰፊዋ «ቲቸር፣ ሒሳቡ ውሃ አይጠማውም፤ ልጆቼን ግን ይጠማቸዋል። ይፈርሙልን» አለችኝ። እውነቷን ነው።

6. ያልፈረምኩት በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት። ለተጠየቀችው ሁሉ «ምናልባት» ብላ ስለምትመልስ ልጆቹ ምናልባት የሚል ስም አውጥተውላታል። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ቢሏት፣ ምናልባት አራት ነው። ያን ቀን የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «ግማሽ ነው» አለች። ምናልባት አላለችም። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። የእኔን በር ያቃለለችውም እሷ ናት፤ ቁጥሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ ያልተንጠባጠበ። ከዚያ ወዲህ እጇን ታወጣለች፣ አንዳንዴም ጥያቄውን ሳልጨርስ። ይህች ልጅ እርግጠኛ የሆነችበትን የመጀመሪያ ነገር ከፊቷ ቆሜ ውሸት ነው ልላት ልቤ እሺ አላለኝም። በጣም ነው የምወዳት፤ ይህን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅርታ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) የቤቶቻችን ቁጥር ያለ ሰረዝ «ብሎክ 4 ቤት 8» ተብሎ እንዲጻፍ። ቀለሙንም ብሩሹንም እኔ አቀርባለሁ፤ የሚቀቡ ልጆችም ሞልተውኛል።

ለ) ቆጣሪዎቹ ወደየቤታቸው እንዲመለሱ። ጋሼ አባወራነታቸው ሲነሳ ቅር እንዳይላቸው፣ ሲመሽ መዞራቸውን እንዲቀጥሉ ተነጋግረን ተስማምተናል።

ሐ) ያንን ጽሑፍ ከማንበብ ነፃ እንድሆን።

ሦስቱም ባንድነት አይሆኑም ከተባለ፣ የእኔን ቤት ውሰዱና ለሁለቱ ጎረቤቶቼ ውሃቸውን መልሱላቸው። እኔ እህቴ ጋ እገባለሁ፤ ታኮርፈኛለች እንጂ አታባርረኝም።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ስል ልጅቷ መጣች። ወሬው ደርሷት ኖሯል። በር ላይ እንደቆመች «ቲቸር፣ ግድ የለም፣ ይፈርሙ። ሰኞ ሲያነቡ እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ ለሌሎቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል» አለችኝ። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት አምስተኛ ክፍል በሙሉ ጆሮውን ደፍኖ ሊሰለፍ ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ያንን ወረቀት እንዳነብ አሁንም ከፈለጉ፣ የሚሰማኝ ሰው እንዲኖር እርስዎ ራስዎ መጥተው ከሰልፉ ፊት ይቁሙልኝ።

መልስዎን በአክብሮት ከምትጠብቅ ዜጋ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)

የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት
ብሎክ 4፣ ቤት 8