በኑጉ ጠርሙስ ውስጥ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 1፡00
ልጄ ዘይነባ አታለለችኝ። ከዐረፋ ወዲህ በኑግ ዘይቴ ጠርሙስ የውጭ ዘይት እየሞላች አብልታኛለች። ቢጫውን ጀሪካን ከበሩ ኋላ አገኘሁት፤ ጆንያ ለብሷል። ሽታው እንዳያሳብቅባት ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ ትጨምርበታለች። ባለፈው ጁምዓ ጎረቤት ጠርቼ፣ አሽትቱ፣ የአገር ነገር እንዲህ ነው እያልኩ ሳስተምር ዋልኩ። ጉድ!
ቁርስ አልበላሁም።

ማታ።
ጠየቅኳት። ዘይት ጨማቂያችን በድሩ ቤቱ ፈርሶ ቃሊቲ ሰፈር ከተዛወረ ወዲህ በሰው አስመጣለሁ ብላኝ ነበር። ሰው የለም። እሷም ት/ቤት ስታስተምር ውላ ቃሊቲ አትደርስም። «ብነግርዎት መብላት ያቆሙ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ባቆምስ?

ሐሙስ፣ 5
አትክልት ተራ። ድንቹ ከየት ነው አልኳት ሻጯን። «አባባ፣ መታወቂያውን ላሳይዎት?» አገር ሳቀ። የሆለታ ነው አለች፤ ገዛሁ። ራሴ ቀቅዬ በጨው በላሁ። ዘይነባ ወጡን እንደያዘች ቆማ አየችኝ።
ማስታወሻዬ፣ አንተ ታውቃለህ። ልጅ ሆኜ፣ ወሎ፣ ለእርዳታ ዱቄት ተሰልፌያለሁ። አባቴ ከረጢቱን ሲዘረጋ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያን ቀን የውጭ እህል ዳግመኛ ላልቀምስ ቆረጥኩ። ለዘይነባ ነግሬያት አላውቅም።

እሑድ፣ 8
ዕረፍት የለኝም። ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወረድኩ። ድንች አንገሸገሸኝ።
ዘይነባ ሻንጣ አውጥታለች። ኮንዶሚኒየም ከደረሳት ቆየ፤ እዚህ የቀረችው ለእኔ ብላ ነው። «ከእጄ የማይበሉ ከሆነ እዚህ ምን አደርጋለሁ፣ አባባ?» አላለቀሰችም። የእኔው ልጅ።
ድንቼን ልቀቅል ተነሣሁ።

ሰኞ፣ 9። ጠዋት 12፡30
ወጥ ቤት ገባሁ። ሙቀጫው ውስጡ በኑግ ጠቁሯል። ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ታጥፎ፣ ወፍራም። እኔ ጋደም ስል ነው የምትወቅጠው ማለት ነው፤ እንዳልሰማ። ጨርቁ አሮጌ ሽርጤ ነው።
የኑጉን ጠርሙስ አጥቤ ይዤ ወጣሁ።

ከቀኑ 8፡00
ቃሊቲ። ሁለት ታክሲ፣ ጉልበቴ አለቀ። በድሩ ጠፉብን ብሎ አቀፈኝ። የዘይቱ ጉዳይ ከእንግዲህ የእኔ ነው። የምመላለሰው እኔ ነኝ። የውጭውን አሁንም አልበላም፤ ጀሪካኑን ለፈለገችው ትስጠው።

ማታ።
በድሩ የሞላልኝን ጠርሙስ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ዘይነባ ከፍታ አሸተተች። ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋ ሥር ገፋችው። ሠራች፤ በላሁ። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ «ጨው አንሶታል» አልኳት። ጨው አቀበለችኝ።
ስለዚህ ነገር ለእሷም፣ ለጎረቤትም፣ ለአንተም ዳግመኛ አልናገርም።