ከፊት ቁም ያልሁት ቀን

ወረታ
ግንቦት ፲፫ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የክርስትና እናቴ
ቁሐር ሚካኤል

እንደምን ሰነበቱልኝ፣ እናቴ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ተወት አደረገዎት? ቦራዋ ላምስ በደህና ተገላገለች? ወንድሜ ማረው የዳጉሳውን ማሳ ደግሞ እንዳረሰልዎ ነገረኝ፤ ዝናቡ ሳይቀድመው መድረሱ ደስ አሰኘኝ። እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይድረሰውና በአካሌ ደህና ነኝ። ትናንት ሚካኤልን እዚሁ ሆኜ አሰብሁት። እርስዎ ቅዳሴ ቆመው ስሜን እንደሚጠሩልኝ ስለማውቅ ቀኑን ሙሉ አፈርሁ።

ከወረታ ቁሐር ማልዶ የተነሣ ሰው ለምሳ የሚደርስበት መንገድ ነው። ታዲያ ይህች ልጅ ደብዳቤ ምን አስፈለጋት ይሉ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። ዓይንዎን እያየሁ የምናገርበት አፍ የለኝም። ፊደሉንም አተልቄ የምጽፈው ማንም ሳያነብልዎ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል ያስቆጠርሁዎ እኔ ነኝና፣ ለዚህ ደብዳቤ ስል ያስተማርሁዎ ይመስለኛል።

ደስታውን ላስቀድም። ደረሰ በሕይወት አለ። ልጅዎ አለ፣ እናቴ። ባለፈው ሐሙስ ያየህ የሚባል አንድ ክንዱ የቆሰለ ወታደር ደብረ ታቦር ወደ ቤተሰቡ ሲያልፍ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ጠይቆ አገኘኝና ደብዳቤ ሰጠኝ። የደረሰ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሺህ ጽሑፍ መሐል እለየዋለሁ። ሆስፒታል ነው ያለው። እግሩም እጁም ደህና ነው። ሰኔ ሲገባ ተሰናብቶ ይመጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ደብዳቤውን ያስቀምጡትና እልል ይበሉ። ጎረቤትም ይጥሩ፣ ሚካኤል ደጅ ሄደው ይሳለሙ። የቀረውን ግን ሰው ሲሄድልዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ዘፈን መውደዴን ከአባቴ ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነዎት። የቄስ ልጅ ሆኜ ውሃ ስቀዳ ሳንጎራጉር ሰምተው፣ «ቀስ በይ፣ ነፋሱ ወደ አባትሽ ነው» ያሉኝን አልረሳውም። ለትምህርት ወረታ ስገባ ጉዴ ባሰ። የደብረወርቅ ሻይ ቤት ቴፕ ነበረው። ሻይ የምጠጣበት ስላልነበረኝ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቼ ደብተሬን እንዳቀፍሁ እሰማ ነበር። ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እንደ ታመመ ሰው ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ደብረወርቅ ባትሪዎቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። የካሴቱ ክር ሲወጣ በእስክሪብቶ የማጠነጥንላት እኔ ነበርሁ፤ ለዚህ ውለታ አንዳንድ ቀን ውስጥ ገብቼ እንድሰማ ትፈቅድልኝ ነበር።

አባቴ ዘፈን የሥጋ ነው ይል ነበር። እሱ አይዋሽም። እኔን ግን ለጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ከበሮው የሚነካኝና በደብረወርቅ ግድግዳ በኩል የምሰማው ዘፈን የሚነካኝ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ሁለት ልብ አልተሰጠኝም። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ አንድ የዘፈን ስንኝ ሳልጠራው ይመጣብኛል፤ አማትቤ አባርረዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ለንስሐ አባቴ ስናገር የኖርሁት ኃጢአት ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ከባድ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የከተማው ኪነት ቡድን ድምፄን ሰምቶ ወሰደኝ። አባቴ ዓመት ሙሉ ሰላም ነሣኝ። ቢያለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የከፋኝ የእርሱ ዝምታ ነበር። እርስዎ ግን፣ «የእግዜር ድምፅ ነው፣ እግዜር ያውቅበታል» ብለው ለመኑልኝ። ስለ ምርትና ስለ አብዮት እንዘፍን ነበር። ለእኔ እንኳን ስለ ምርት፣ ስለ ድንጋይም ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ማይክሮፎኑ ፊት መቆሜ ብቻ ይበቃኝ ነበር። አንዲት ዘፈን ብቻ የራሴ ነበረች። ክራር መቺው አዛናው ዜማውን አወጣላት፣ ግጥሟን እኔ ሠራሁ፦

ርብ ሞልቶ ቢያድር ሜዳውን ቢያለብሰው፣
ከማዶ ያለ ሰው ማን ሄዶ ይመልሰው።

የክርስትና ወንድሜ ደረሰ ይህችን ዘፈን ይወድዳት ነበር። እርስዎም ያውቁታል፤ እሱ የሚሰማ እንጂ የሚዘፍን ልጅ አልነበረም። ዘፋኝ ሞልቷል፣ እናቴ። እንደ እርሱ የሚሰማ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሰው ሲያጨበጭብ እሱ አያጨበጭብም፤ በዱላው ላይ አገጩን አስደግፎ ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይላል። «እዚህች ላይ ቸኮልሽ» ይለኛል፤ እውነቱንም ነው።

አሁን ወደ ጥር ፲፱፻፸፯ ልመለስ። ጥር ፲፰ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሜዳ ላይ ትልቅ የኪነት ዝግጅት አለ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት አለቃችን ሰበሰበንና፣ በዚያ ቀን ዘፈን እንድናራዝም፣ እጁን ሳያነሣ ማንም እንዳያቆም፣ ሕዝቡም እንዳይበተን አደራ አለን። ምክንያቱን አልነገረንም። ስንወጣ አዛናው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከእህል መጋዘኑ ጀርባ አራት የወታደር ኦራል መኪና ቆሟል። ወንድም ያላት ወንድሟን ከቤት ታስቀር» አለኝ።

ያን ዕለት ወደ ማታ ቁሐር ላክሁ። ማረው አርብ በጠዋት ተነሥቶ አንበሳሜ አክስታችን ዘንድ እንዲሄድ፣ ታማለችና እሁድ ሳይሆን እንዳይመለስ አልሁ። አክስቴ አልታመመችም ነበር።

አርብ ደግሞ ደረሰ መጣ። ከእርስዎ የተላከውን እርጎ በቅል ይዞልኝ መጣ። ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ማረው ምን ሆኖ እንደ ሄደ ጠየቀኝ። አክስቴ መታመሟን ነገርሁት። አዘነ፤ «ነገ አብረን ልንመጣ ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ነገ ያችን ትዘፍኛታለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ብዕሩን ብዙ ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ቅር» ብለው በቂ ነበር። ምክንያትም አይጠይቀኝም ነበር፤ ቃሌን ያምናልና። አዛናው ተሳስቶ ይሆናል፣ መኪናው እህል ሊጭን ይሆናል እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ይህን ሰበብ ለማረው ግን አላሰብሁለትም። እውነቱን ልንገርዎ። ብዙ ሕዝብ በሚቆምበት በዚያ ሜዳ፣ በዘፈን ዘመኔ ሁሉ ትልቁ በሆነው ቀን፣ እሱ ሳይሰማኝ እንዲቀር አልፈለግሁም። እሱ ከሌለ ለማን ልዘፍን ነው አልሁ። እናም፣ «እዘፍናታለሁ፤ ከፊት ቁም» አልሁት።

ከፊት ቆመ። ያችን ነጭ ኩታ ለብሶ ነበር፣ እርስዎ የፈተሉለትን። የእኔ ተራ ሲደርስ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከርብ ማዶ ሳይቀር የመጣ ገበሬ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለሁ ታጣቂዎቹ ከሦስት በኩል ገብተው ሲከብቡ ከመድረኩ ላይ ሆኜ አየሁ። እኔ ከፍ ብዬ ስለቆምሁ ከሁሉ ቀድሜ አየሁ። አለቃችን እጁን አላነሣም። ስንኙን ደገምሁት፤ ሦስተኛም ደገምሁት። ከኋላ ያለው ሰው መሸሽ ጀመረ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ያም ሆኖ እኔ እዘፍናለሁ። ደረሰ ዞር ብሎም አላየ። አገጩ ከዱላው ላይ ነበር። አንድ ታጣቂ ክንዱን ሲይዘው ነው ከዘፈኔ የነቃው።

ለጦር የታፈሱትን ወጣቶች ወደ መኪናው ሲያሳፍሯቸው ሮጬ ደረስሁ። በግርግሩ መሐል አየኝና መጀመሪያ ያለኝ፣ «ማረው እንኳን አልመጣ» ነበር። ከዚያ ፊቴን አየ፤ ብዙ አየኝ። ያን ጊዜ እንደገባው እኔም ገባኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ዛሬ አልቸኮልሽም» ብቻ አለኝ። መኪናው ተነሣ።

ሰኞ እርስዎ ነጠላዎን አዘቅዝቀው መጡ። ለቀበሌው የሰጡትን አቤቱታ የጻፍሁልዎ እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ነው፣ ጧሪ የለኝም እያሉ ሲነግሩኝ እኔ እጽፍ ነበር። ስጨርስ እጄን ስመው፣ «ይህች እጅ ትባረክ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች እጅ ማማተብ ከበደኝ። በሳምንቱ ኪነቱን ተውሁ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኋቸው። ቅዳሴ ከቅጥሩ ውጭ ነው የምቆመው። ማረው ለምን እንደላክሁት አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነገር ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ የእርስዎን ማሳ ከራሱ አስቀድሞ እንደሚያርስ እርስዎም ያውቃሉ። እርስዎ በየገበያው፣ «የተባረከ ወንድም አለሽ» ሲሉኝ፣ መሬት ተከፍታ አልውጥ አለችኝ።

በሁዳዴ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ለማለት አፌ አይከብደኝም፤ ግን የእናቱን ሳትጨርሺ የእግዜርን አትጀምሪ» አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ፈራሁ። ሐሙስ ዕለት የደረሰ ደብዳቤ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም እፈራ ነበር።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ለእርስዎ ሰላምታ አለበት፤ ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ልንገርዎ ግድ ነው። አንደኛው ይህ ነው። የመድፍ ጥይት አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው አይሰማም። ሁለቱም። ሐኪሞቹ አይመለስም ብለውታል። ሲመጣ ቢጠሩት ዞር አይልምና እንዳይደነግጡ፤ ከፊቱ ሆነው ፊትዎን ያሳዩት። የሚሉትን በወረቀት ቢጽፉለት ያነባል። ይህን ለእርስዎ ለመናገር ከብዶት፣ «አንቺ ንገሪያት፣ አንቺ መናገር ታውቂበታለሽ» ይላል። ስድብ አይደለም፣ እናቴ። ደረሰ አይሳደብም። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ ቃሉን ሳልቀይር እጽፍልዎታለሁ። «ማረውን አንበሳሜ ልከሽ እኔን ለምን ከፊት ቁም እንዳልሽኝ በመኪናው ላይ ሳለሁ አስቤ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ አልተቀየምሁሽም።» እኔ ለራሴ እንኳ ያላልሁትን እሱ አግኝቶታል። ሲመጣ መንገድ ላይ እንድቀበለው ይጠይቃል። መልስ አልሰጠሁትም። ፈቃዱ የእርስዎ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም። ይህን ካነበቡ በኋላ ትምጣ ካሉ ለማረው አንድ ቃል ይንገሩት፤ ከእርስዎ ኋላ ቆሜ እቀበለዋለሁ። ምንም ካላሉም ይገባኛል። እሱ ያለፈልኝ እንደሆነ እርስዎ እንዲያልፉልኝ ግድ አይደለም፤ ከእሱ የተወሰደው ራሱ ነው፣ ከእርስዎ ግን ልጅዎ ነው።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ማሳዎን ይባርክልዎ፣ ልጅዎን በደጃፍዎ በሰላም ያስገባልዎ። ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ አልልም፤ ስሜን ሳያነሡ ቢቀሩ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሰማንያ ቀኔ ታቅፈው ክርስትና ያነሡኝ እርስዎ ነዎት፤ ከዚህ የበለጠ ክብር አላየሁም። ሆኖም ሌላ ሴት ባነሣችኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀኖች ነበሩ። እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ምክንያቱን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ስለዚህም ይቅር ይበሉኝ።

የክርስትና ልጅዎ፣
ከዚህ ሌላ ስም ያልተፈቀደላት