ተመስገን ለማን

ወንድሜ፣

ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ትኩሳቱ በረደልኝ ብለህ ክኒኑን እንዳትተው። የቧንቧ ሠራተኛው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ በፒጃማ እንዳትከፍትለት።

ትናንት በልተህ ስትጨርስ «ተመስገን!» ስትል፣ «ድስቱን የሚያጥበውም እሱ ነው?» ያልኩህ ደክሞኝ ነው።
ደግሞም እውነቴን ነው። ለእሱ ተመስገን፣ ለእኔ ባዶ ሳህን።

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ማንኮራፋትህ ድንገት ቀጥ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያማረረኝ ነገር ሲቆም ወደ ክፍልህ ሮጥኩ። አንድ እግሬን ብቻ ተጫምቼ በርህ ላይ ቆምኩ። ተገላበጥክና እንደ ወፍጮ ቤት ቀጠልክ።

«ተመስገን» አልኩ። አምልጦኝ ነው።
ለእሱ አንዴ ነግሬዋለሁ፤ ለአንተ አልደግመውም።

ድስቱን እጠብ።

እህትህ