ሰላምታ የበላው ዳታ

ወዳጄ፣ የባቡር ጣቢያዋ ሲም ሻጭ ፓስፖርቴን ከፊቴ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያይታ፣ «ግማሽ ጊጋ ለቱሪስት ሳምንት ይበቃዋል» አለችኝ። የእኛን ሰላምታ የት ታውቀዋለች! የእህቴ መውለጃ ቀን ደርሶ ነበርና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። «በላህ? በረደህ እንዴ? ቆይማ፣ ጎረቤቶችም ሰላም ይበሉህ!» ስልኩ በሳቅ መሀል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም መክሳቴን መሰከረ። በመጨረሻ እናቴ ተቀብላ «እህትህማ...» ስትል ዳታው አለቀ። የሲም ሱቁም በዚህ መሀል እስከ ሰኞ ተዘግቷል። አገር ቤት ቢሆን ያገኘሁትን መንገደኛ «ስልክህን አንዴ» እል ነበር፤ እዚህ ሰው ሰዓት እንኳ ሲጠይቁት ይደነግጣል። ግን አልተጨነቅሁም፤ ክፉ ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ሰው ስለ ክሳቴ እየሳቀ ባላወራ። ለእናትህ ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አንተም ናፍቀኸኛል። ይህ ፖስትካርድ ሲደርስህ ቤታችን ጎራ በልና ሕፃኑን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሳምልኝ።